በሞት አፋፍ ያለ ሕሙም ሥቃዩ በምን ይታወቃል?

ሕሙማንን መጠየቅ ጌታችን በዳግም ምጽአቱ ከሚመረምራቸው የፍቅር ሥራዎች አንዱ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረነዋል። ይሁን እንጂ በአማርኛችን «ጠየቀ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር የሚያመለክት መሆኑን ብዙ ጊዜ ልብ አንለውም። አንደኛው ወደ ታመመው ሰው ዘንድ ሄዶ ማየት፥ ሁለተኛውም ጥያቄ አቅርቦ መልሱን መስማት ነው። ፊተኛውን ምእመናናችን በትጋት ይፈጽሙታል፤ በጠያቂ ሰዓት በሆስፒታሎቻችን በር የሚታየው ሕዝብ ለዚህ ምስክር ነው። ኋለኛውን ግን፥ ይልቁንም ሕሙሙ ወደ ሞት በተቃረበ ጊዜ፥ ጠያቂውም አስታማሚውም፥ አንዳንድ ጊዜም ሐኪሙ ራሱ ይተወዋል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ጉዳይ ይህ ነው፤ ሞቱ የተቃረበ ሰው በሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ፥ ሐኪሞችና ነርሶች ሥቃዩን የሚያውቁት በምንድር ነው? ሳያውቁትስ የሚቀሩት ስለ ምን ነው? ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ካህኑና ቤተ ዘመዱ በዚያው አልጋ አጠገብ የሚቆሙ መሆናቸውን፥ የሚናገሩትና ዝም የሚሉበትም ነገር ሐኪሙ ሊያየው የሚገባውን የሚገልጥ ወይም የሚጋርድ መሆኑን ያስብ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ሕመምንና ሥቃይን መለየት ያስፈልጋል። ሕመም ከሥጋ ብልቶች ባንዱ የሚሰማ ነው፤ ቁስሉ፥ እባጩ፥ የተሰበረው አጥንት ያመጣዋል። ሥቃይ ግን የሰውየው የሁለንተናው ነው። ኤሪክ ካሰል የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1982 ባሳተሙት፥ በሐኪሞች ዘንድ እጅግ በታወቀው ጽሑፋቸው፥ የሚሠቃየው ሰው እንጂ አካል ብቻ አለመሆኑን፥ ሥቃይም የሚመጣው ሰውየው የራሱ ሰውነትና ማንነት ሊፈርስበት መሆኑን ባየ ጊዜ መሆኑን አስረድተዋል። የምትወልድ ሴት ብርቱ ሕመም ይሰማታል፤ ነገር ግን ምክንያቱንና ፍጻሜውን ስለምታውቅ እንደ ሥቃይ ላትቆጥረው ትችላለች። ሌላው ደግሞ ሕመሙ ቀላል ሆኖ ሳለ፥ ምንነቱን ባለማወቁና ማብቂያ የሌለው መስሎ ስለሚታየው ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ይጨነቃል። እንግዲህ ሐኪም የሕሙሙን ሥቃይ ከራጅና ከደም ምርመራ ሊያገኘው አይችልም፤ ሊያውቀው የሚችለው ሕሙሙን ሲጠይቀው ነው።

ከካሰል በፊት ይህን ነገር በሕሙማን አልጋ አጠገብ ሆነው የተረዱት እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ ናቸው። እኒህ ሴት አስቀድመው ነርስ፥ ቀጥሎም በሆስፒታል የሕሙማንን የኑሮ ችግር የሚከታተሉ ሠራተኛ ነበሩ። በመጨረሻም በ1957 የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው፥ ከ1958 ጀምሮ በለንደን ከተማ ሐክኒ በሚባለው ሰፈር፥ የአየርላንድ ደናግል በሚያስተዳድሩት በቅዱስ ዮሴፍ የሕሙማን ቤት ሠርተዋል። በ1964 በጻፉት ጽሑፍ አንዲት ሕመምተኛን ያነሣሉ። ስለ ሕመሟ እንድትነግራቸው ሲጠይቋት፥ ሴትዮዋ ከጀርባዋ ጀመረች፤ ከዚያም ሁለንተናዋ እንደ ታመመ፥ ባሏና ልጅዋ እርሷን ለማስታመም ከሥራ ቀርተው ገንዘባቸውን እንደሚያጡ፥ መድኃኒቱን ለማግኘት ልታለቅስ ምንም እንዳልቀራት፥ ነገር ግን ማልቀሱ የማይገባ መስሎ እንደ ታያት፥ ችግሯን የሚያስተውልላት ሰው ያለ እንዳልመሰላት ተናገረች። ጥያቄው አንድ ነበረ፤ በመልሱ ውስጥ ግን ሥጋም፥ ቤተ ሰብም፥ ገንዘብም፥ ብቸኝነትም ተገኙበት። ሳንደርስ ይህን «ሁለንተናዊ ሕመም» ብለው ሰየሙት፤ የሥጋ፥ የአሳብ፥ የኑሮና የመንፈስ ሕመም በአንድነት ተጠላልፎ ሲገኝ ማለታቸው ነው። በ1967 በደቡብ ለንደን በመንገደኞች ጠባቂ በቅዱስ ክርስቶፎሮስ ስም የመሠረቱት ቤት በዓለም ላሉት መሰል ቤቶች አብነት ሆነ፤ ራሳቸውም በ2005 ያረፉት በዚያው ቤት ነው። ለሥራቸው መሠረት ያደረጉት ጌታ በጌቴሴማኒ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ከእርሱ ጋር እንዲተጉ የለመነውን ልመና መሆኑ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። ጌታ በዚያች ሌሊት መከራውን እንዲያስወግዱለት አልጠየቃቸውም፤ አብረውት እንዲነቁ ብቻ ለመናቸው። እነርሱ ግን ዓይናቸው ከብዶ ተኙ።

ይህ ዓይነቱ እንቅልፍ በታላላቅ ሆስፒታሎችም ቢሆን አልጠፋም። በአሜሪካ በ5 የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በ9,105 ጽኑ ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ1995 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በሆስፒታል ሳሉ ከሞቱትና ኅሊናቸው ካልተሠወረባቸው ሕሙማን መካከል እኩሌታ የሚያህሉት፥ በመጨረሻዎቹ ቀኖቻቸው ቢያንስ ግማሹን ጊዜ በመካከለኛ ወይም በብርቱ ሕመም እንዳሳለፉት ቤተ ሰቦቻቸው መስክረዋል። ይህ የሆነው መድኃኒትና መሣሪያ፥ የተማረም ሐኪም በማይታጣበት ስፍራ ነው! ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ ልዩ ነርሶች ተመድበው የሕሙማኑን ሕመምና ፈቃድ ለሐኪሞቹ እንዲያመለክቱ ከተደረገ በኋላ እንኳ ነገሩ አለመሻሻሉ ነው።

በአገራችን ደግሞ ሌላ መጋረጃ አለ። ነርሷ ማለዳ ወደ አልጋው ቀርባ «አባቴ፥ እንዴት አደሩ?» ስትል፥ ሽማግሌው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ይህ መልስ የተቀደሰ ነው፤ ነገር ግን ለፈጣሪ የቀረበ ምስጋና ነው እንጂ ስለ ሕመም የተሰጠ መግለጫ አይደለም። ነርሷ ሌሎች ብዙ ሕሙማን የሚጠብቋት ስለ ሆነች፥ በመዝገቡ ላይ ሕመም እንደሌለባቸው ጽፋ ታልፋለች። ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ነርስ ግን በዚህ አትመለስም። ምስጋናውን ከእርሳቸው ጋር አመስግና «ሌሊቱንስ ተኙ? የቀሰቀሰዎት ነገር ነበረ? የቱ ጋ ነው የሚያምዎት? ሲገላበጡ ይብስብዎታል ወይስ ዝም ብለው ሲተኙ?» ብላ ትቀጥላለች። ሕመሙን በቁጥር መናገር ለሚያስቸግረው ሰው በአፍሪካ ሆስፒታሎች የተለመደ ቀላል ዘዴ አለ፤ የተጨበጠ እጅ ምንም ሕመም አለመኖሩን፥ የተዘረጉ አምስት ጣቶች ደግሞ ከዚህ በላይ የማይቻል ሕመምን ያመለክታሉ። አንደበታቸው «ይመስገን» እያለ እጃቸው አራት ጣት የሚያሳይ አረጋውያን ብዙዎች ናቸው።

ሕመምን አለመናገር እንደ ትዕግሥት ተቆጥሮ የሚመሰገንበት ልማድ እንዳለን የታወቀ ነው። ትዕግሥት በእውነት ታላቅ ምግባር ነው። ነገር ግን ሰማዕታት መከራን የተቀበሉት በፈቃዳቸው፥ ስለ ሃይማኖታቸው ነው። በካንሰር ምክንያት አጥንቷ የሚቆረጠምባትን እናት፥ መድኃኒት እያለላት፥ ስለ ትዕግሥቷ እያመሰገንን እንድትጮኽ አንፈቅድም ማለት ግን ትዕግሥቷን መጠበቅ ሳይሆን የእኛን ጆሮ ማሳረፍ እንዳይሆን እንፈራለን። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ መጠማቱን በግልጥ ተናግሯል፤ በታላቅ ድምፅም ጮ኿ል። ጥማቱን መናገሩ ከትዕግሥቱ አላጎደለም። የአፍ መድረቅ ደግሞ ወደ ሞት በተቃረቡ ሕሙማን ላይ እጅግ አዘውትሮ የሚታይ፥ ነገር ግን ሳይጠየቅ የሚታለፍ ችግር ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ከንፈርን ማራስ ብዙ ጊዜ ከመርፌ ይልቅ ያሳርፋል፤ ይህንም ለማድረግ የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ሥቃይን ባለመለየት ከተሳሳቱት አንዱ ካህን መሆኑ እኛን ካህናትን ሊያስጠነቅቀን ይገባል። ሐና በሴሎ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም ነበር። ሊቀ ካህናቱ ዔሊ አፍዋን ትኩር ብሎ ተመለከተ፤ ምልክቱን በሚገባ አይቶታል፤ ትርጉሙን ግን ሳተና በወይን ጠጅ የሰከረች መሰለው። (1ኛ ሳሙ. 1፥12-18።) የዔሊ ስሕተት ያለ ማየት አልነበረም፤ ሳይጠይቅ መፍረድ ነበረ። እርሷ ልቧ ያዘነባት ሴት መሆኗን ስትነግረው ግን አልተከራከረም፤ ወዲያው መረቃት፤ እርሷም ሄዳ እህል በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። ዛሬም በሆስፒታል ይኸው ይደርሳል። የሚቃዥ ሕሙም እንደ ዐመፀኛ፥ መድኃኒት ደጋግሞ የሚጠይቅ እንደ ሱሰኛ፥ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ የተኛ እንደ አንቀላፋ ሆኖ ይመዘገባል። ንጉሡ ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ ግድግዳ ባዞረ ጊዜ ግን የሚያለቅስና የሚጸልይ ነበር እንጂ የሚያንቀላፋ አልነበረም።

እንግዲህ መጠየቅ እየተቻለ ካልተጠየቀ እንዲህ ከሆነ፥ አንደበቱ የተዘጋ ሕሙም እንዴት ይታወቃል? በዚህ ጊዜ ሐኪሞች ሰውነቱን እንደ መጽሐፍ ለማንበብ ይገደዳሉ። አእምሯቸው በእርጅና ደዌ ደክሞ መናገር ለማይችሉ ሕሙማን በ2003 በአሜሪካ የተዘጋጀ አንድ መመዘኛ፥ ነርሷ 5 ነገሮችን እንድትመለከት ያዛል፤ አተነፋፈስን፥ የማቃሰት ወይም የጩኸት ድምፅን፥ የፊትን ገጽታ፥ የሰውነትን ሁኔታ፥ በመጨረሻም ሕሙሙ ሲያባብሉትና ሲዳስሱት የሚጽናና ወይም የማይጽናና መሆኑን። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩም ከ10 ይታሰባል። አምስተኛው ነጥብ እኛን እጅግ ማርኮናል፤ ሕሙሙ የሚወደው ሰው እጁን ሲይዘው ይረጋጋ እንደ ሆነ የሚታወቀው የሚወደው ሰው በአጠገቡ ሲኖር ነውና።

ከፊት ሁሉ ግንባር ይቀድማል። በቅንድቦች መካከል የሚታየው ቁጥርጥር ሕሙሙ ኅሊናውን ስቶ ሳለ እንኳ ሕመምን ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላት ነርስ በምታገላብጠው ጊዜ እጁን ሳይሆን ግንባሩን ታያለች፤ መድኃኒት ከሰጠችው በኋላም ተመልሳ ትመጣና ያ ቁጥርጥር መፈታቱን ትመረምራለች። ትንፋሽ ለሚያጥረው ደግሞ ሌላ መመዘኛ አለ፤ የልብ ትርታና የአተነፋፈስ ፍጥነት፥ የአንገት ጡንቻዎች መወጠር፥ የአፍንጫ ቀዳዳ መከፈት፥ በዓይን ላይ የሚነበብ ፍርሃትና እነዚህን የመሳሰሉ 8 ምልክቶች ይቆጠሩበታል። በድንገት የሚወራጭ፥ አንሶላውን የሚጎትት፥ ከአልጋው ለመውረድ የሚታገል ሕሙም ቢኖር፥ ዘመዶቹ ክፉ መንፈስ እንዳስጨነቀው ይናገሩ ይሆናል፤ እኛም መንፈሳዊ ፈተና የለም አንልም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነገር የተሞላና ሊወጣ ያልቻለ ሽንት፥ ወይም ለብዙ ቀናት የቆየ የሆድ ድርቀት ነው። ይህ ሳይመረመር ሰውን ማሰር ጭካኔ ነው።

በሌላ በኩል ምልክት ሁሉ ሥቃይ አይደለም። በመጨረሻዎቹ ሰዓታት በጉሮሮ ውስጥ የሚሰማው የሚንገረገር ድምፅ፥ ሕዝባችን «እያጣጣረ ነው» የሚለው፥ ቤተ ዘመዱን እጅግ ያስጨንቃል፤ ሕሙሙ ግን ሊውጠውና ሊያስለው ያልቻለው ምራቅና አክታ ነው እንጂ፥ በዚያ ድምፅ ምክንያት እንደሚታፈን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ትንፋሽ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ እንደ ገና መጀመሩም እንደዚሁ የሞት መቃረብ ምልክት ነው። ነርሷ ይህን ለቤተ ሰቡ ቀድማ ብታስረዳ፥ ከአልጋው አጠገብ የሚነሣው ጩኸት ይቀንስ ነበር። ደግሞም ሕመም ከቆየ ሰውነት ይለምደዋል፤ የልብ ትርታ አይፈጥንም፥ ፊትም አይጨማደድም። ጸጥ ብሎ የተኛ ሁሉ ዐረፈ ማለት አይቻልም።

በዚህ ስፍራ የአስታማሚ ድርሻ ይታያል። በአገራችን ሆስፒታሎች ቀንና ሌሊት ከአልጋው የማትለየው እኅት ወይም ሚስት ወይም ልጅ ናት። («አስታመመ» ከ«ታመመ» የወጣ ግስ መሆኑ ራሱ ያሳስበናል።) ነርሷ ሕሙሙን ያወቀችው ትናንት ነው፤ አስታማሚዋ ግን አርባ ዓመት አብራው ኖራለች። ሲያመው ዝም የሚል ወይስ የሚቆጣ፥ ጥርሱን የሚያፋጭ ወይስ እግሩን የሚሰበስብ መሆኑን ታውቃለች። አስታማሚዋን «ዛሬ እንደ ሁልጊዜው ናቸው?» ብሎ የማይጠይቅ ሐኪም ትልቅ ምስክር ትቶ ይሄዳል። እርሷም ሐኪሙን አክብራ ወይም ፈርታ ዝም ብትል የሚጎዳው ሕሙሙ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ከባድ ልማድ አለ። መርዶን በጊዜውና በሥርዓቱ የምንነግር ሕዝብ ስለ ሆንን፥ የማይድን ደዌ መሆኑ ለቤተ ዘመድ ይነገራል፤ ለሕሙሙ ይሰወራል። ይህ የሚደረገው ከፍቅር ነው፤ ነቀፋችንም ለስላሳ ይሁን። ነገር ግን ሕሙሙ ከልጆቹ ፊትና ከበር ውጭ ከሚሰማው ሹክሹክታ ነገሩን ይረዳል፤ መረዳቱንም እነርሱን ላለማሳዘን ይደብቃል። ሁለቱም ወገን እያወቀ ሁለቱም ዝም ይላል። ንስሐ የመግባት፥ የመታረቅ፥ ልጆቹን የመመረቅ አሳቡ በልቡ እንደ ታሰረ ይቀራል። የዚህን ሰው ሥቃይ የትኛው መመዘኛ ያሳየናል? በ2010 ስለ ብቃቱ የተደረገው ጥናት የታተመው የአፍሪካ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ 7ቱ ለሕሙሙ፥ 3ቱ ለቤተ ሰቡ የሚቀርቡ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ሕሙሙ ጭንቀቱን ለሰው አካፍሎ እንደ ሆነ፥ ሕይወቱን ዋጋ ያላት አድርጎ ያያት እንደ ሆነ፥ ልቡም ሰላም እንዳለው የሚጠይቁ ይገኙባቸዋል። በአዲስ አበባ በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የማይድኑ ሕሙማንን በየቤታቸው እየዞረ የሚረዳ ድርጅት ነው፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ከነጭ ካፖርት ይልቅ በገዛ ቤት መደብ ላይ የተሻለ መልስ ያገኛል ብለን እናምናለን።

ሥቃዩ ከታወቀ በኋላ ስለሚሰጠው መድኃኒትም ጥቂት ማለት ግድ ነው፤ በፍርሃት ምክንያት ሕመምን የሚሰውሩ ብዙዎች ናቸውና። የዓለም የጤና ድርጅት በ1986 ባወጣው መመሪያ፥ የካንሰር ሕመም ማስታገሻ በተቻለ መጠን በአፍ፥ በተወሰነ ሰዓት፥ ከቀላሉ ወደ ብርቱው በደረጃ እንዲሰጥ አዟል። ለብርቱ ሕመም ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም። በመጠኑና በሥርዓቱ ሲሰጥ ነፍስን አያስወጣም፤ ለሕመም የሚወስደውም ሰው ሱሰኛ ነው ማለት አይደለም። ሕሙሙ ስለ ጾም ወይም ስለ ጠበል መድኃኒቱን አቋርጦ እንደ ሆነ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። የሐዋርያት ቀኖና ጾምን ሲያዝ በሥጋ ድካም የታገደውን ለይቶ ማውጣቱን ካህኑ ቢነግረው፥ ከሐኪሙ ምክር ይልቅ ይሰማዋል። ሕክምና ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጥበብ መሆኑን ቅዱስ ባስልዮስ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት በ55ኛው ጥያቄ በሰፊው አስተምሯል፤ እርሱ ራሱም በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ አጠገብ ለድውያንና ለለምጻሞች ታላቅ ቤት የሠራ አባት ነው።

ስለ ነፍስ አባት የምንለው አለ። ሕሙሙ ለሐኪሙ ያልነገረውን ሕመም ለነፍስ አባቱ የሚነግርበት ጊዜ ብዙ ነው። በንስሐ የተነገረ ነገር ከካህኑ አንደበት አይወጣም፤ ይህ የማይነካ ሕግ ነው። ነገር ግን ካህኑ ከኑዛዜው በኋላ «ልጄ፥ ሌሊት ስለሚያስጮኽህ ጎንህ ለሐኪሙ ልንገርልህ?» ብሎ ፈቃዱን ቢጠይቅና ሕሙሙ ቢፈቅድ፥ ለነርሷ መናገር ምሥጢርን መግለጥ አይሆንም። ሕሙሙ የሚፈራው ሕመሙን ሳይሆን ፍርዱን፥ ወይም ያልታረቀውን ወንድሙን እንደ ሆነ ደግሞ፥ ነርሷ መድኃኒት ብትጨምርለትም አያርፍም፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ካህኑ ነው። ጥሩ ነርስም ይህን ለይታ ካህኑን ታስጠራለች። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ የሕመሙን ጽናት ተረድተው ነበር፤ የሳቱት ምክንያቱን ማስረዳት በጀመሩ ጊዜ ነው። ስለዚህ ኃጢአቱ ይህን እንዳመጣበት ለሞት ለተቃረበ ሰው መናገር ለካህን አይገባም።

ወደ ሕሙሙ የሚገባ ካህን አስቀድሞ ነርሷን ቢያነጋግር መልካም ነው። መድኃኒቱ የተሰጠው መቼ እንደ ሆነ ቢጠይቅ፥ ሕመሙ በረደለት፥ አእምሮውም ገና ባልከበደበት ሰዓት ሊያናዝዘው ይችላል። ዓይኑን የጨፈነ ሁሉ አይሰማም ብሎ በአልጋው አጠገብ ስለ ቀብሩ ስፍራ ከዘመዶቹ ጋር መነጋገር አይገባም፤ በካናዳ ተደርጎ በ2020 የታተመ ጥናት፥ ለሞት ተቃርበው ምንም ምላሽ የማይሰጡ አንዳንድ ሕሙማን አእምሯቸው ለድምፅ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይቷልና። ጸሎቱም በጆሮው አጠገብ፥ በዝግታ፥ በሚያውቀው ዜማ ይነበብለት። ቅዱስ ሥጋውን ክቡር ደሙን ለመቀበል የሚመኝ ቢሆንም፥ መዋጥ ይችል እንደ ሆነ ካህኑ አስቀድሞ ከነርሷ ይረዳ፤ እርሷ በጥቂት ጠብታ ውኃ ትመረምረዋለች፤ ውኃው በአፉ ዳር ከፈሰሰ ወይም ካሳለው፥ ካህኑ ምሥጢሩን ይዞ ከመምጣቱ በፊት እንድትነግረው ያስፈልጋል።